የቦክስተሬ የኤርባግ መብራት አልጠፋ አለ፤ የቀበቶ መሰኪያው ተቀይሮም ተመልሶ በራ

ባለቦክስተሯ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ጤና ይስጥልኝ። ጽሑፌ ይረዝማል፣ ቻሉኝ። ባጭሩ ስጠይቅ ሰው ሁሉ «ባትሪ ቀይሪ» እያለ ያልፈኛል። ስለዚህ ከስሩ ልንገራችሁ።

መኪናዋ የ2003 ፖርሽ ቦክስተር ኤስ ናት። ባለ 3.2 ሊትር፣ የእጅ ማርሽ፣ 88 ሺህ ማይል የሄደች። ከገዛኋት ሦስት ዓመት ሆነኝ። ነርስ ነኝ፣ ሌሊት ነው የምሠራው፣ ሁለቱም ልጆቼ ኮሌጅ ገብተዋል። ለራሴ ምንም የማይጠቅም ነገር ስገዛ የመጀመሪያዬ ነው። በነገራችን ላይ ሰው «የጀርመን መኪና» ሲላት ዝም እላለሁ እንጂ የተገጣጠመችው ፊንላንድ ነው። ሻንሲ ቁጥሯ ላይ አስራ አንደኛዋ ፊደል «ዩ» ናት፤ ኡሲካውፑንኪ ከሚባል ከተማ ወጣች ማለት ነው። ስሙን ለመጥራት አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ወደ ጉዳዩ። መስከረም አጋማሽ ላይ ማኪያቶ ደፋሁ። የደፋሁት ደግሞ ሌላ ቦታ አይደለም፣ የሾፌሩ ቀበቶ መሰኪያ ውስጥ። ጠራርጌ ተውኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከሥራ ወጥቼ ቁልፉን ስጠመዝዝ ቀዩ የኤርባግ መብራት በራ። በራና ቀረ።

የራሴ ጥፋት ነው ብዬ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ኮምፒውተሯን አነበቡ። «የሾፌር ቀበቶ መሰኪያ፣ ሬዚስታንሱ ከልክ በላይ» የሚል ኮድ ወጣ። የማኪያቶውን ታሪክ ስነግራቸው ሳቁ፣ መሰኪያውን ቀየሩ፣ 640 ዶላር ከፈልኩ። መብራቱ ጠፋ። ዘጠነኛው ቀን ላይ ተመልሶ በራ። ያን ዕለት ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ያደረ ቀን ነበር፣ ትራፊኩም ጉድ ነበር፣ በዚያ ላይ መብራቱ። ማልቀስ ነበር የቀረኝ።

ተመልሼ ሄድኩ። አሁን ደግሞ «የኤርባጉ ኮምፒውተር ነው መቀየር ያለበት» አሉኝ። ዋጋውን ሲነግሩኝ ቁልፌን ይዤ ወጣሁ። ኢንስፔክሽን (የመኪና ምርመራ) ደግሞ ደርሶ ነበርና እንዲሁ ይዣት ገባሁ፤ ጣሉኝ። ቨርጂኒያ የኤርባግ መብራት በርቶ አያሳልፍም። 15 ቀን ሰጡኝ፤ አሁን 11 ቀረኝ።

የእህቴ ባል «አምፖሉን ንቀዪው፣ ማን ያያል» ይለኛል። የሥራ ባልደረባዬ አማዞን ላይ የ25 ዶላር ስካነር ግዢና አጥፊው አለችኝ፤ ገዛሁ፣ ኤርባጉን ጭራሽ አያየውም። ኮምፒውተር ልቀይር ወይስ ሌላ መንገድ አለ? እኔ ራሴ ካቻቢቴ ይዤ ልነካው የምችለው ነገር ነው ወይስ ይፈነዳብኛል?

አዎ፣ የምታድረው ውጭ ነው፣ ከቤታችን ፊት ለፊት ካለው ትልቅ ኦክ ዛፍ ሥር። ጋራዥ የለኝም። አዎ፣ ውስጧ ትንሽ ያልደረቀ ልብስ ይሸታል። ጣሪያዋ ጨርቅ ስለሆነ ነው ብዬ ትቼዋለሁ። ይህን የምጽፈው ማን ምን እንደሚጠይቅ ስለማይታወቅ ነው።


ባለ ቢጫዋ፣ ዱባይ

እህቴ፣ «ባትሪ ቀይሪ» እንዳልልሽ አስቀድመሽ ዘጋሽብኝ። ግን ልበል። እዚህ ሙቀቱ ባትሪ ይበላል፤ ሁለት ዓመት ከቆየልኝ ተመስገን ነው። የኔ መኪና ባትሪዋ ሲደክም መጀመሪያ የምታበራው የኤርባግ መብራት ነው። ባትሪውን ስቀይርም መብራቱ በራሱ አልጠፋም፣ ኮዱ መጥፋት ነበረበት። ባትሪውን በቴስተር (በኤሌትሪክ መለኪያ) ለኪው፤ መኪናዋ ጠፍታ ካደረች በኋላ ከ12.4 ቮልት በታች ካነበብሽ ጠርጥሪ። ባትሪው ከፊት ኮፈን ውስጥ ነው፣ ከሞተሩ ጋ አትፈልጊው።


ሽቦ ፈቺ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ፣ ኮምፒውተሩን አትቀይሪ። ቢያንስ ዛሬ አትቀይሪ።

አዲስ አበባ 14 ዓመት የመኪና ኤሌትሪክ ሠርቻለሁ፣ እዚህ ደግሞ 11። ከጽሑፍሽ ውስጥ ትልቁን ነገር አንቺ እንደ ቀልድ ነው ያለፍሽው። ዝናብ፣ ዛፍ፣ ሽታ። ማኪያቶው ሁላችሁንም አሳስቷችኋል።

መጀመሪያ ስለ ኮዱ። ኮድ የሚናገረው መስመሩን ነው፣ ዕቃውን አይደለም። ቀበሌውን ይነግርሻል እንጂ የቤት ቁጥሩን አይነግርሽም። «የቀበቶ መሰኪያ፣ ሬዚስታንስ ከልክ በላይ» ማለት ከኮምፒውተሩ ተነስቶ መሰኪያው ድረስ ባለው መንገድ ላይ አንድ ቦታ ኤሌትሪኩ ተቸግሯል ማለት ነው። መሰኪያው ራሱ ሊሆን ይችላል። ሽቦው ሊሆን ይችላል። ከወንበሩ ሥር ያለው ሶኬት ሊሆን ይችላል። እኔ ብዙ ጊዜ የማገኘው እዚያ ሶኬት ላይ ነው።

የኤርባግ ኮምፒውተር ደግሞ በጣም ተጠራጣሪ ነው። ቁልፉ እስከበራ ድረስ እያንዳንዱን መስመር በትንሽ ኤሌትሪክ እየለካ ይኖራል። ኤርባጉን የሚያቀጣጥለው ነገር ሬዚስታንስ 2 ኦም (ኦም የሬዚስታንስ መለኪያ ነው) አካባቢ ናት። እንዲህ ባለ መስመር ላይ አንዲት አረንጓዴ ዝገት ያለባት ፒን አንድ ሁለት ኦም ብትጨምር ለፍሬን መብራት ምንም አይደለም፤ ለኤርባግ ግን እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ወዲያው መብራቱን ያበራል፣ ያበራውንም በማስታወሻው ይዞ ይቀመጣል።

ታዲያ መሰኪያው ሲቀየር ለምን ጠፋ? ምክንያቱም ሲቀይሩት ሶኬቱን ነቅለው ሰክተዋል። መንቀሉና መሰካቱ ፒኑን ፈገፈገው። ኮዱንም አጠፉት። ዘጠኝ ቀን ሠራ። ከዚያ ዘነበና ውሃው ሶኬቱን ድጋሚ አገኘው። ሰዎቹ ሌቦች ናቸው አልልም። ማኪያቶ ስትያቸው ማኪያቶ አዩ፣ እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የማየው።

አሁን ውሃው ከየት ይመጣል። ጨርቅ ጣሪያሽ ሲታጠፍ የሚገባበት ጉድጓድ አለ፣ ከወንበሮቹ ኋላ። በግራም በቀኝም ጥግ ላይ የውሃ መውረጃ ቀዳዳ አለው። ጣሪያው ላይ የወረደ ዝናብ በዚያ አድርጎ ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት መሬት ላይ መንጠባጠብ አለበት። የኦክ ቅጠል ቀዳዳውን ከደፈነው ውሃው መሄጃ ያጣና ወደ ውስጥ ይገባል፣ ምንጣፉ ሥር ይተኛል። ላይ ላዩ ደረቅ ይመስልሻል። በጉልበትሽ ተጫኚው።

እና እህቴ፣ ለኤርባጉ ብዬ ብቻ አይደለም የምቸኩለው። በዚህች መኪና ከሾፌሩ ወንበር ሥር፣ ወለሉ ጎድጓዳ ላይ፣ የቁልፉንና የአላርሙን ነገር የሚቆጣጠረው ሳጥን ተቀምጧል። እሱ ውሃ ከጠጣ መኪናሽ ቁልፍሽን አታውቅም። አትነሳም። ያኔ የ640ውን ቀን ትናፍቂያለሽ። የኤርባግ መብራቱ ቀድሞ ስለጮኸልሽ ዕድለኛ ነሽ።

ራስሽ ትሠሪዋለሽ? ወንበር ማንሳት ከቻልሽ አዎ። ግን ቅደም ተከተሉን አትሳቺ።

ወንበሩን ወደ ፊት ግፊና የኋላ ሁለት ብሎኖችን ፍቺ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ግፊና የፊቶቹን። ወንበርሽ በኤሌትሪክ የሚሄድ ከሆነ ይህን ባትሪው ሳይነቀል ነው የምታደርጊው፣ አለበለዚያ ወንበሩ ባለበት ይቀራል። ከዚያ ቁልፉን አውጪ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቺ፣ ሂጂ ሻይ ጠጪ። እኔ 30 ደቂቃ እጠብቃለሁ። ኮምፒውተሩ ውስጥ በአደጋ ጊዜ ባትሪ ቢቆረጥ እንኳ ኤርባጉን የሚያፈነዳበት የተጠራቀመ ኤሌትሪክ አለ፣ እሱ ይውጣለት። የፊቱን ኮፈን ክፍቱን ተዪው። የ2003ቷ ኮፈን የሚከፈተው በኤሌትሪክ ነው፤ ባትሪ ነቅለሽ ከዘጋሽው ባትሪው ውስጥ አንቺ ውጭ ትቀራላችሁ። ይህ ከደረሰብሽ መፍትሔ አለው፣ በሾፌሩ እግር አጠገብ ያለው የባልቦላ ሳጥን ውስጥ የሚሳብ ፖዘቲቭ አለ፣ በሱ ከውጭ ኤሌትሪክ ትሰጫታለሽ። ግን ለምን ይድረስብሽ።

ከዚያ ወንበሩን ጋደም አድርጊና ሶኬቱን ንቀዪ። ሶኬቱ ተነቅሎ ሳለ ቁልፍ እንዳትጠመዝዢ! አንዴ ብቻ ከጠመዘዝሽ አዲስ ኮድ ይጻፋል። ወንበር ለማጽዳት ብለው ነቅለው፣ ሬዲዮ ለመስማት ቁልፍ ጠምዝዘው፣ መብራት ይዘው የሚመጡ ሰዎች ቀለቤ ናቸው።

ቴስተርሽን መሰኪያው ላይ መጠቀም ትችያለሽ። ኤርባጉ ላይ፣ መሪው ውስጥ ባለውም በሌላውም፣ በፍጹም። ቀበቶ ወጣሪውም እንደዚያው፣ ባሩድ ነገር አለበት። ቴስተር ሲለካ የራሱን ኤሌትሪክ ይልካል። ኤርባግ ከ30 ሺህኛ ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ነው የሚነፋው፤ «ኧረ» ለማለት አይበቃም።

ፒኖቹን በኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ እና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አጽጂ። በጨው፣ በሎሚ፣ በኮካ አይደለም። ይድረቅ። ሰክተሽ ባትሪውን መልሺ። ሬዲዮው ኮድ ቢጠይቅሽ ከመኪናው መጽሐፍ ጋር የመጣች ካርድ ላይ ተጽፏል።

መብራቱ ከዚያም በኋላ ይበራል፣ አትደንግጪ። ኮዱ መጥፋት አለበት። የ25 ዶላሩ ስካነር የሞተር ኮድ ብቻ ነው የሚያነበው። ዱራሜትሪክ የሚባለው የፖርሽ ፕሮግራም በላፕቶፕ ኤርባጉን ያነባልም ያጠፋልም። እኔ አለኝ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ካመጣሻት አጠፋልሻለሁ፣ ክፍያው አንድ ማኪያቶ ነው። በኩባያ ክዳን።


ከሶማሌ ተራ፣ አዲስ አበባ

ስለ አምፖሉ ነው የምጽፈው፤ ሌላውን ጋሼ ጨርሰውታል።

እኛ ጋ ይህ ነገር በጣም ነው የሚሠራው። ኤርባጉ አንዴ የፈነዳበት መኪና ከውጭ ይገባል። አዲስ ኤርባግ ውድ ነው። ስለዚህ በቦታው ሬዚስተር (ኤሌትሪክ የሚገታ ትንሽ ዕቃ) ይበየድና ኮምፒውተሩ ይታለላል፣ ወይም መብራቱ ጭራሽ ይነቀላል። መሪው ላይ ክዳኑ ያምራል፣ ውስጡ ባዶ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ደንበኛዬ ክላክሱ አልሠራ ብሎት መሪውን ስንከፍት በኤርባጉ ቦታ የታጠፈ ጋዜጣ አገኘን። ጋዜጣው አማርኛ አልነበረም፤ ሥራው የት እንደተሠራ ከዚያ አወቅን።

መኪና ስትገዙ ቁልፉን ጠምዝዙና እዩ። የኤርባጉ መብራት ለጥቂት ሰከንድ መብራት አለበት፣ ከዚያ መጥፋት። ጭራሽ ካልበራ «ጎሽ፣ ንጹህ ናት» አትበሉ። እህታችንም አምፖሉን ብትነቅለው ኢንስፔክተሩ የሚያየው ይህንኑ ነው።

ደግሞ መብራቱ ሁሉን ያውቃል ብላችሁ አትመኑ። የጃፓኑን የኤርባግ አምራች የታካታን ነገር ታስታውሳላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ብቻ 67 ሚሊዮን ገደማ የኤርባግ ማንፊያ እንዲመለስ የተጠራበት ነው። በሙቀትና በእርጥበት ብዛት ውስጡ ያለው አሞኒየም ናይትሬት እየተበላሸ፣ ሲፈነዳ የብረት ስባሪ ይረጭ ነበር። ሰው ገድሏል። የእነዚያ መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ ግን አንድም መብራት አልበራም፤ ሽቦው ደህና ነበራ! ስለዚህ መኪናው ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ከሆነ 17ቱን የሻንሲ ቁጥር የአሜሪካው የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ማየት ነው፣ ነጻ ነው። ቶዮታም የታካታ ኤርባግ ከተገጠመባቸው አንዱ ነበር፤ እኛ ጋ የሚነዳው አብዛኛው ቶዮታ ስለሆነ ለአዲስ አበባ ሰው ነው በተለይ የምናገረው።


ባለቦክስተሯ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ጋሼ ሽቦ ፈቺ፣ ምንጣፉን በእጄ ዳሰስኩት፣ ደረቅ ነው። በጉልበትም ተጫንኩት። ትንሽ ቀዝቀዝ ይላል እንጂ ውሃ የለም። ምናልባት ሌላ ነገር ይሆን?


ሽቦ ፈቺ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ቀዝቀዝ ካለ እርጥብ ነው። ከምንጣፉ ሥር ወፍራም ስፖንጅ አለ። የበሩን ደፍ ክዳን አንሺና ጫፉን ገልጠሽ ጣትሽን ክተቺ።


ባለ ቢጫዋ፣ ዱባይ

እኔ እዚህ ዝናብ በዓመት ሁለቴ የማይ ሰው እንኳ ልቤ ተሰቅሏል። ምን ሆነ?


ባለቦክስተሯ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

እሺ፣ ልንገራችሁ።

ቅዳሜ እረፍቴ ነበር። ትልቁ ልጄ መጥቶ ነበርና ጉልበቱን ተበደርኩ። የምንጣፉን ጫፍ ገልጬ ጣቴን ስከት እስከ ሁለተኛው አንጓ ውሃ ውስጥ ገባ። ስፖንጁን ስጨምቀው የዶሮ ወጥ ሽንኩርት የታጠበበት የመሰለ ውሃ ወጣ። በፎጣ ስንመጥ ስንመጥ አንድ ባልዲ ግማሽ ሆነ። እዚያ ላይ እኮ ነው ሦስት ዓመት የተቀመጥኩት።

ባትሪውን ነቅዬ፣ ሻይ ጠጥቼ (በእውነት ጠጣሁ፣ 40 ደቂቃ ጠበቅሁ)፣ ወንበሩን ጋደም አደረግነው። ሶኬቱን ስነቅለው መጀመሪያ ምንም አላየሁም። በስልኬ መብራት ሳይ ሁሉም ፒኖች ቢጫ ናቸው፣ አንዷ ብቻ ጥርሷ የበሰበሰ ሰው ትመስላለች። አረንጓዴ ዱቄት አላት። በብሩሽ ስነካው እንደ በርበሬ ተበተነ። ከሥሩ ፒኗ ቀጥናለች ግን አለች። ሆስፒታል ስንት ደም ሥር ፈልጌ አግኝቻለሁ፣ እንደዚያች ፒን ግን ያስደሰተኝ የለም።

ከዚያ ሳጥኑ። ያሉት ቦታ ላይ ነው፣ ወንበሩ ሥር። ውሃው ከሱ በታች አንድ ጣት ያህል ቀርቶት ነበር። አንድ ጣት! ልጄ ፎቶ አንስቶ «እማ፣ ቲታኒክ» ብሎ ላከልኝ።

ጣሪያውን ግማሽ ከፍተን የውሃ መውረጃዎቹን አየናቸው። የግራው ቀዳዳ አይታይም። ከላዩ ቅጠል፣ የኦክ ፍሬ፣ አንድ የፓርኪንግ ደረሰኝ፣ እና እንደ ጭቃ የሆነ ነገር። ደረሰኙ ከኔ በፊት የነበረው ሰው ነው፣ ቀኑ ይነበባል። በእጄ ዛቅሁት። የቀረውን ልጄ በሣር ማጨጃ ክር በቀስታ እያሽከረከረ አወጣው። በአየር ግፊት ልንፋው ቢል ከለከልኩት፤ ታች ያለው ቱቦ ሊነቀል ይችላል ሲሉ ሰምቻለሁ። አንድ ኩባያ ውሃ አፈሰስኩ። ከኋላ ጎማው ፊት መሬት ላይ ተንቆረቆረ። የቀኙ ጎን ደህና ነበር ማለት ይቻላል።

እሁድ ጋሼ ጋ ሄድኩ። ላፕቶፑን ሰክተው አነበቡ። ሁለት ኮድ ነበር፤ አንዱ የታወቀው፣ ሌላው ዝቅተኛ ቮልቴጅ። (ዱባይ፣ ይህችኛዋ ያንተ ናት፤ ባትሪውም ስድስት ዓመቱ ነበር፣ ቀየርኩት።) አጠፏቸው። ቁልፉን ጠመዘዝኩ። በራ። ቆጠርኩ። ጠፋ። ሁለታችንም ዝም አልን፣ ድጋሚ ጠመዘዝኩ። ጠፋ። ማኪያቶውን ከፈልኩ፣ ሁለት ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ክፉኛ ዘንቧል። መብራት የለም። ምንጣፉን አውጥቼ ሳሎን ውስጥ በፋን ሳደርቅ አምስት ቀን ፈጀ፤ ባለቤቴ ቤቱ የውሻ ቤት ሸተተ እያለ ነው። ኢንስፔክሽኑን 15ኛው ቀን ሳይደርስ አለፍኩ፣ አዲሱ ስቲከር ተለጥፏል።

አሁን ከዛፉ ሥር ማቆም ትቼ ጎረቤቴ ጋ ቦታ ተከራይቻለሁ። በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ ቀዳዳዎቹን አያለሁ፣ ስልኬ ላይ ማስታወሻ አድርጌዋለሁ።

የድሮው የቀበቶ መሰኪያ እጄ ላይ አለ፣ ጋራዡ በካርቶን መልሶልኝ ነበር። ጋሼ በቴስተር ለክተውት ደህና ነው ብለዋል። የፈለገ ካለ በነጻ ነው።


ባለ ቢጫዋ፣ ዱባይ

ማኪያቶ የፈሰሰበት ነው አይደል?


ባለቦክስተሯ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

አዎ። ይሸታልም።